የትም ሳይደርስ የተመለሰው ጥርስ ሠሪ

ጥርስ ሠሪው በየጥቂት ወሩ ወደ ውጭ አገር ይበር ነበር። ጠዋት ይሄዳል፤ ለእራት ይመለሳል። ሲወራ ትልቅ ነገር ይመስላል። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ሰሞን የታወቀ ነጋዴ ነው ብለው ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉለት ነበር፤ አንድም ዕቃ ይዞ እንደማይገባ ሲያዩ ግን ብድግ ማለቱን ቀስ በቀስ ተዉት።

ነገሩ ንግድ አልነበረም። ሚስቱ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ እሷና ልጃቸው ኩኩ በሥራዋ በኩል የመኖሪያ ፈቃድ አላቸው። የሱ የእንግዳ ፈቃድ ነው። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ከአገር ይወጣል፣ ጎረቤት አገር ይገባል፣ የዚያን አገር ማህተም ያስመታል፣ ከዚያ ተመልሶ አገሩን ገና ሊያይ እንደመጣ ሰው በሩ ላይ ይቆማል። ፓስፖርት የሚታይበት መስኮት ውስጥ የተቀመጠችው ሴትዮ «እንኳን ደህና መጡ» ትለዋለች። እሱም «እንኳን ደህና ቆያችሁኝ» ይልና ቤቱ ገብቶ ጠዋት ያልጨረሰውን ሻይ አሙቆ ይጠጣል።

ባለፈው ግን እንዲህ አልቀለለም። ሴትዮዋ ፓስፖርቱን ስታገላብጥ ቆየችና፣ «እርስዎ እንግዳ እንደሆኑ ሊያረጁ ነው እኮ» አለችው። «በሚቀጥለው በደንብ እናየዋለን።»

ይህን ለሚስቱ ሲነግራት የምታጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በደንብ ካዩት ምን እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቁታል። በመጣበት አውሮፕላን ይመልሱታል። እሷ ሥራዋን ጥላ ልትከተለው አትችልም፤ ኩኩም አባቷን በስልክ መስታወት እያየች ታድጋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም። ማታ ማታ ግን ሚስቱ በእንቅልፍ ልቧ እጅጌውን ጨብጣ ትተኛ ጀመር፤ እሱም እንዳያነቃት ሌሊቱን በአንድ ጎኑ ያድራል።

ሥራው በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ሐኪሟ ፊት ለፊት ባለው ክፍል የሰዉን አፍ ትለካለች፤ ልኩ በጄሶ ሆኖ ወደ ጓዳ ይመጣለታል። እሱ በሰም ድድ ያወጣል፣ ጥርስ ይተክላል፣ ይሞርዳል፣ ይወለውላል። ሲያልቅ በትንሽ ሳጥን አድርጎ በመስኮት ያቀብላታል። የአፉን ባለቤት አያየውም። ዕድሜውን ከአፍ ጋር ሲኖር የሠራው ጥርስ አንድ ቀን እንኳ ሲስቅ አላየም።

አንድ አመል አለበት። ከላይ በግራ በኩል ያለውን ክራንቻ እንደ ጥፍር ጫፍ ያህል ወደ ጎን ያዞረዋል። «ሁሉም ቀጥ ካለ የሰው አፍ አይመስልም» ይላል። ሐኪሟ ትቆጣለች። «ሰው ከፍሎ ጠማማ ይግዛ?» ትለዋለች። እሱ «እሺ ዶክተር» ይላል፤ ያዞረዋል።

የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ሚስቱ ቀኑን እንደ ልማዷ በአንድ ቀደመችው።

«ፈቃዴ የሚያበቃው ነገ ነው እኮ» አላት ጫማውን እያሰረ።

«ነገ ይሁን፤ አንተ ግን ዛሬ ትሄዳለህ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«አንተ መንገድ ላይ የሰው አፍ እያየህ የምትቀር ሰው ነህ። አንድ ቀን ትርፍ ይኑርህ።» ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ የተስተካከለ ነበር፣ ግን አስተካከለችው። «በሩ ላይ ቀና ብለህ ቁም። የጥፋተኛ ፊት አታሳያቸው።»

«ፊቴ እንዲህ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዛሬ ብቻ ሌላ አድርገው።»

አውሮፕላኑ ውስጥ እንደሱ በዕለቱ ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ደርሶ መላሽ ይባባላሉ። ሻንጣ ስለሌላቸው ከሰው ቀድመው ይቀመጣሉ፣ ቀበቷቸውን ያስራሉ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይተኛሉ። አንዷ የቋንቋ አስተማሪ ናት፤ ከነመነጽሯ ነው የምትተኛው። ሕልሙ ብዥ እንዳይልባት ነው ይሏታል። አስተናጋጇም ታውቃቸዋለች፤ ውሃ ስታድል እንደ ተኛ ሕፃን በእግር ጣቷ ታልፋቸዋለች።

አጠገቡ የተቀመጠው ሆቴል ቤት የሚሠራው ወጥ ቤት ነበር፤ የሽንኩርት ሽታውን ይዞ አገር የሚያቋርጥ ወፍራም ሰውዬ። አንድ ዓይኑን ገልጦ፣ «ዛሬ ለምን አትተኛም?» አለው።

«በደንብ እናየዋለን ብለውኛል።»

«እኔንም ብለውኝ ያውቃሉ።»

«እና?»

«እና ይኸው እየታየሁ ነው» አለና ዓይኑን መልሶ ከደነ።

ጥርስ ሠሪው ግንባሩን ከመስኮቱ አስጠጋ። ከታች ደመናው ታጥቦ የተነጠፈ አንሶላ ይመስል ነበር፤ ማን እንዳጠበው አይታወቅም፣ ማንም አልተኛበትም። የአውሮፕላኑ ጥላ በላዩ ላይ እንደ ጉንዳን ይሄዳል። እዚያ ታች የትኛው አገር አልቆ የትኛው እንደሚጀምር ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘውም። ሚስቱ አጠገቡ ብትሆን «እዚህ ጋ አልተተኮሰም» ብላ በጣቷ የምታሳየው አንድ መጨማደድ ብቻ አየ። እሱንም አለፉት።

ሲያርፉ ሰዉ ሁሉ መተላለፊያው ላይ ቆሞ የበሩን መከፈት ይጠብቅ ጀመር። ከፊቱ ግራጫ ኮፍያ ያደረገ አንድ ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው ወደ ጎን ዞሮ አዛጋ።

ረጅም ማዛጋት ነው። ጥርስ ሠሪው አፉ ሲከፈት ላይኛውን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር አየው። ከላይ በግራ በኩል ያለው ክራንቻ እንደ ጥፍር ጫፍ ያህል ወደ ጎን ዞሯል።

ልቡ ድንግጥ አለ። ሰው ሰፍቶ የሰጠውን ልብስ መንገድ ላይ ለብሶ የሚሄድ ሰው ሲያይ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው፤ ይኸኛው ግን ይበላበታል፣ ይቆጣበታል፣ የሰው ስም ይጠራበታል። አፉ ተዘጋ። አንዴ ደግሞ ይከፈት እንደሆነ ብሎ ጠበቀ። አልተከፈተም።

ረጅሙ ኮሪደር መጨረሻው ላይ ሁለት ቀስት ነበረው። የግራው ማህተም ወደሚመታበት መስኮት፣ የቀኙ ሌላ አውሮፕላን ወደሚጠብቁበት አዳራሽ። ደርሶ መላሾቹ ዓይናቸውን በደንብ ሳይገልጡ እንደ ልማዳቸው ወደ ግራ ታጠፉ። ሽማግሌው ወደ ቀኝ ታጠፈ። ጥርስ ሠሪው «አንዴ በደንብ ልየውና እመለሳለሁ» አለ በልቡ። እግሩ ይህን ሐሳብ ሳይጠብቅ ቀድሞት ሄዶ ነበር። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ የመመለሻ ቲኬቱን አየና እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋለት። የመስታወቱ በር ከኋላው ያለ ድምፅ ተገጠመ።

አዳራሹ ትልቅ ነበር። ምንጣፉ የእግር ኮቴ ይውጣል። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ተዘርግተዋል፤ የአንዱ እግር የሌላው ትራስ ሆኗል። ከላይ በድምፅ ማጉያ የምታወራው ሴት የከተማ ስም በቀስታ ትጠራለች፤ ከተማው የተጠራለት ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ ጸጉሩን በእጁ ዳብሶ፣ ወደ አንድ በር ገብቶ ይጠፋል። ማንም ተመልሶ አይወጣም።

ሽማግሌው ቁጭ ብሎ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገና አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። ጥርስ ሠሪው ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ምን ታየኛለህ?» አለው ሽማግሌው ከቆይታ በኋላ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ።

«ይቅርታ አባባ፣ የማውቅዎ መስሎኝ ነው።»

«እኔ አላውቅህም።»

«ልክ ነው፣ አያውቁኝም።»

«እንግዲያው ጨረስን።»

ጥርስ ሠሪው ግን አልጨረሰም። ጥርስ በዝምታ አይታይም፤ ይህን ሰው ማሳቅ አለበት። ሰው ለማሳቅ ደግሞ ተሰጥኦ የለውም። ሐኪም ቤት ሲወራ የሰማትን አንዲት ቀልድ አስታወሰ።

«አንድ ሰውዬ አሉ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄዶ የትኛው ነው የሚያምህ ቢለው፣ እኔ ከፍዬህ እኔው ልፈልግልህ? አለው።»

ሽማግሌው አሰበበት። «እውነቱን ነው» አለ።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጌታ መጥቶ የራሱ ሻንጣ ላይ የነበረ ኬክ ላይ ተቀመጠ። ሲነሳ ኬኩ አብሮት ተነሳ። ከሩቅ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ጥርስ ሠሪው ቶሎ ብሎ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ደህና ኬክ ነበር» አለ ሽማግሌው በሐዘን።

ከዚያ ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ መብላት ጀመረ። ጥርስ ሠሪው አቆራረሱን አየ፣ አላመጡን አየ፣ ሥራው ደስ አለው። አንድ ነገር ግን ከነከነው።

«በቀኝ በኩል አያላምጡም።»

«ይነካኛል። ምን አገባህ?»

«ጥርስ ሥራዬ ነው አባባ። ውስጡን ትንሽ ቢሞርዱልዎ ይተዋል። ትንሽ ብቻ፣ ብዙ አያስነኳቸው።»

«ሐኪም ነህ?»

«ጓዳ ነው የምሠራው።»

ሽማግሌው ብስኩቱን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አየው። «እንግዲያው ፍረደኝ» አለ፤ ከንፈሩን በጣቱ ገለጠ። «ይህቺ ጠማማ አይደለችም? ሠሪው ጠጥቶ ነበር መሰለኝ።»

ጥርስ ሠሪው ጎንበስ ብሎ አየ። ጆሮው ሞቀው። «ሊሆን ይችላል» አለ።

«ላስለውጣት ስል ባለቤቴ ከለከለችኝ። ስታገባኝም እንዲሁ ነበርክ፣ ተዋት አለች። እኔ እንዲህ መሆኔ ትዝ አይለኝም።» ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዞረው። «አሁን እሷም ብዙ ነገር ትዝ አይላትም። ልጃችን ጋ ነው ያለችው፤ እሷ ጋ እየሄድኩ ነው። ባለፈው በስልክ ማን ልበል አለችኝ። ካላወቀችኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። እስቅላታለሁ መሰለኝ።»

«ይሳቁላቸው» አለ ጥርስ ሠሪው።

«ሳቅ በትእዛዝ ይመጣል እንዴ? ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ።»

ከላይ የምታወራው ሴት ሌላ ከተማ ጠራች፤ አንዲት እናት ሁለት የተኙ ልጆች ይዛ ተነሳች።

«አንተስ ወዴት ነህ?» አለ ሽማግሌው።

«ወደ ቤቴ።»

«ከየት መጥተህ?»

«ከቤቴ።»

«ምን ረስተህ ነው?»

«ምንም አልረሳሁም። የመጣሁት ልመለስ ነው። ሄጄ ካልመጣሁ መቀመጥ አይፈቀድልኝም።»

ሽማግሌው ግንባሩን አኮማተረ። «ቆይ። ቤትህ ለመቀመጥ ከቤትህ መውጣት አለብህ?»

«አዎ።»

«ደጋግመህ?»

«ደጋግሜ።»

«ብትቀመጥስ?»

«ከተቀመጥኩ ያስወጡኛል።»

«እንዳያስወጡህ ትወጣለህ።»

«አዎ አባባ።»

የሽማግሌው መጀመሪያ ትከሻው ተነቀነቀ። ከዚያ ከሆዱ አንድ ነገር ተነስቶ ወደ ላይ መጣ፤ አፉ ተከፈተ፣ ራሱ ወደ ኋላ ሄደ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው። የተኙት ቀና ቀና አሉ። ላይኛው ረድፍ በሙሉ በዚያ ጥላ በሌለው ብርሃን ውስጥ ታየ፤ ክራንቻዋ ከሌሎቹ ትንሽ ዘወር ብላ፣ ከፊት የሚመጣ ሰው እንዳየች ሆና። ሰውዬው በአንድ ጊዜ ወጣት መሰለ። ሠርጉ ላይ ፎቶ ሲያነሱት የሚስቅ ልጅ መሰለ።

ጥርስ ሠሪው አየ፣ አየ። ምን ያህል እንዳየ አያውቅም። የሽማግሌው ከተማ ሲጠራ ሰውዬው እንባውን በኮፍያው እየጠረገ ተነሳ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አለው። «ይህን እነግራታለሁ።» ወደ በሩ ሲሄድ ትከሻው ገና ይነቀነቅ ነበር።

ቀጥሎ የተጠራው የጥርስ ሠሪው ከተማ ነበር። ጸጉሩን በእጁ ዳበሰና ገባ።

ወጥ ቤቱ አውሮፕላኑ ውስጥ ቦታው ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። «የት ጠፋህ? ማህተሙ ሰልፍ ላይ ቦታ ይዤልህ ነበር እኮ።»

ጥርስ ሠሪው ፈገግ እንዳለ ቀረ። ፓስፖርቱን አወጣና ገለጠው። የጠዋቱ መውጫ ማህተም አለ። ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ወጥ ቤቱ አንገቱን አስግጎ አየ። «አንተ እኮ የትም አልደረስክም» አለ በለሆሳስ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በመንገዱ ሁሉ ሳይተኛ ቀረ።

ከታች ደመናው ወርቃማ ሆኖ ነበር። ጥርስ ሠሪው አላየውም። የሚስቱን እጅ እጅጌው ላይ አሰበ። ኩኩ ስልኩን ከዓይኗ አስጠግታ «አባዬ፣ ግንባርህ ብቻ ነው የሚታየው» ስትለው ሰማ። አንድ የሽማግሌ ሳቅ ለማየት ይህን ሁሉ አስይዞ እንደሄደ አሁን ገባው። ሳቁ ግን ትዝ ባለው ቁጥር ሳይወድ ከንፈሩ ይፈታል፤ ቶሎ ብሎ ይሰበስበዋል።

ሲያርፉ የፓስፖርቱ መስኮት ላይ ያችው ሴትዮ ነበረች። ገለጠች፣ መልሳ ገለጠች።

«የት ዋሉ?»

«እዚያ።»

«እዚያ የት? ከኛ ወጥተዋል። እዚያ አልገቡም።»

«አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ።»

«አዳራሽ አገር አይደለም። ምን ይሠሩ ነበር?»

ውሸት ቢፈልግ አንድም አጠገቡ አልነበረም። «ጥርስ ሠሪ ነኝ እህቴ። የሠራሁት ጥርስ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። አንድ ሰው አፍ ውስጥ አየሁትና እስኪስቅ ተከተልኩት።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሳቀ?»

«ሳቀ።»

«ጥሩ» አለችና አለቃዋን ጠራች።

አለቃው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ መጣ። የቀኑን ድካም ሁሉ ከዓይኑ በታች የሰበሰበ ሰው ነበር። ነገሩን ሰማ፣ አንዴ ፉት አለ።

«የትም ካልገባ አልወጣም ማለት ነው» አለ። «የጠዋቱን ማህተም ሰርዢው።»

«ካልወጣ አሁን እንዴት ይገባል?»

«አይገባም። አዲስ ፈቃድ የለውም።»

ጥርስ ሠሪው የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። ሚስቱ ቀና ብለህ ቁም ያለችው ትዝ አለውና ቀና ለማለት ሞከረ።

«ልንመልሰው ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ወዴት ነው የምንመልሰው? የትም ወደሚባል ቦታ አውሮፕላን አለሽ?» አለቃው ደግሞ ፉት አለ። «የድሮው ፈቃዱ መቼ ነው የሚያበቃው?»

ሴትዮዋ አየች። «ነገ።»

«በይ፣ ካልወጣ እስከ ነገ እዚሁ ነው ያለው። ቤቱ ይሂድ። ነገ ደህና አድርጎ ይውጣ።»

«ነገ ሲመለስስ?»

«ነገ እረፍት ነኝ» አለ አለቃው፤ ብርጭቆውን ይዞ ሄደ።

ቤቱ ሲደርስ እራት ቀርቦ ነበር። ሚስቱ በሩን ከፍታ ፊቱን አየች፤ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ወንበር ሳበችለት። ሁሉንም ነገራት፤ ቀስቱን፣ ብስኩቱን፣ ኬኩን፣ ሴትዮዋን፣ አለቃውን። ስለ ሽማግሌው ሚስት ሲነግራት ማንኪያዋን አቆመች። ሳቁ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተቆጪኝ እንጂ» አላት።

«ለምን? የትርፉን ቀን በላኸው፤ ለዚሁ ነው የሰጠሁህ።» ሳህኑን ወደሱ ገፋችው። «አሁን ብላ። ነገ አብረን ነው የምንሄደው።»

«ማን እና ማን?»

«አንተ፣ እኔ፣ ኩኩ።»

«ሥራሽስ?»

«አንሶላው አይርቅም፤ ሲቆሽሽ ይጠብቀኛል።»

«ቲኬቱ ደግሞ...»

«ለሶፋው ያልነው አለ። መሬት መቀመጥ ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ።» ተነስታ ልብሷን ከመስቀያው አወረደች፤ ጀርባዋን እንደሰጠችው ተናገረች። «ካስገቡህ አብረን እንገባለን። ካላስገቡህም በዚያው አብረን እንቀራለን። በስልክ ግንባርህን እያየሁ አልኖርም። ወስኛለሁ፣ አትከራከረኝ።»

ሊከራከር አፉን ከፈተ። ከዚያ ትከሻዋን አየው፤ የወሰነ ሰው ትከሻ ነበር። አፉን ዘጋው።

ኩኩ ይህን ሁሉ ከመኝታ ቤቱ በር ሥር ቆማ ሰምታለች። ጠዋት ተነስተው እንዳይተዋት ፈራች መሰለኝ፣ ጫማዋን በቢጃማዋ ላይ አደረገች፣ ትራሷን ይዛ መጣችና የመውጫውን በር ተደግፋ ተቀመጠች። «እኔን ሳትረግጡ መውጣት አትችሉም» አለቻቸው። ሳህኑ ተነስቶ ሳይታጠብ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት፤ የግራ ጫማዋ በቀኝ እግሯ ነው።

ሊያነሷት ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ተያዩ። ሚስቱ ቀስ ብላ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም በዚያኛው ጎን። ከበሩ ሥር ቀዝቃዛ ነፋስ ይገባ ነበር፤ ማንም ልነሳ አላለም።